ከትራሱ ስር የተበየደው ስም

ሙሄ በያጁ ሞተ ሲባል ለቅሶ ቤቱ ቀድመው የደረሱት ስሙን ያጠፉት ሰዎች ናቸው። እኔ ስገባ የሞተረኞቹ ማኅበር ሊቀመንበር ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን አጣጥፎ፣ ከሼሁ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል። «ታላቅ ሰው ነበሩ» ይላል። «እሳቸው የበየዱት አይላቀቅም» ይላል። ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው አፉ «ይህ ሰውዬ ከእንግዲህ የሞተር መደገፊያ እንዳይሠራ» ብሎ ያስወሰነው እሱ ነው። ራሳቸውን የሚነቀንቁትም ያኔ እጃቸውን ያወጡት ናቸው።

እኔም ነበርኩበት። የእኔን ኋላ እነግራችኋለሁ።

«እሳቸው» ማለቱ ራሱ አንገበገበኝ። ሙሄ አንቱ ሲሉት አይወድም ነበር። «አንቱ የምትሉኝ ስሞት ነው፤ ምን አስቸኮላችሁ?» ይል ነበር። ሊቀመንበሩ ቀኑን ጠብቆለታል። እኔ ጋሽ ሙሄ፣ አንተ እያልኩ ነው የኖርኩት፤ ሞተ ብዬ አልቀይርም።

ሥራዬ የወንበር ልብስ መስፋት ነው፤ የሞተር፣ የባጃጅ፣ የሚኒባስ። ሱቄ አቃቂ በሰቃ ነው፤ ከሙሄ ብየዳ ቤት የሚለየን አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነበር። ሞተር ላይ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ጀርባውን የሚያሳርፍበትን መደገፊያ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። እሱ ብረቱን ያወጣል፣ እኔ ስፖንጅ አድርጌ ልብስ አለብሰዋለሁ።

ሙሄ ወሎዬ ነው። አጭር ነው፣ ትከሻው ሰፊ ነው፣ የግራ ቅንድቡን የብየዳ ብልጭታ በልቶታል። ሌላው ሰው ሲናደድ ይጮኻል፤ እሱ ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል። በጣም ሲናደድ ጠጋ ብላችሁ ካልሆነ አትሰሙትም።

ስለ ሥራው እንዲገባችሁ አንድ ቀን ልንገራችሁ። አንድ ሞተረኛ ከመርካቶ የገዛው፣ እንደ መስታወት የሚያበራ መደገፊያ ይዞ መጣ።

«ጋሽ ሙሄ፣ ይቺን ብቻ እሰርልኝ።»

ሙሄ አገላብጦ አየው። «የት ላይ ነው የማስረው?»

«እዚህ፣ ኋላ ፕላስቲኩ ላይ። ቀዳዳ አለው እኮ።»

«ይሄ የጭቃ መከላከያ ነው። ሰው ሲደገፍበት እንደ ብስኩት ነው የሚሰበረው። መደገፊያ ዋናው ብረት፣ ሻንሲው ላይ ነው የሚታሰረው፣ በአራት ቡሎን። ያውም ይሄ አይሆንም።»

«ለምን? ያምራል እኮ!»

«ያምራል። ማን ነው የሚደገፍበት?»

«ማንኛውም ሰው።»

«ማንኛውም የሚባል ሰው ጀርባ የለውም» አለው ሙሄ። «ሂድ፣ የሚቀመጠውን ሰው አምጣ።»

ሕጉ ይቺ ነበረች። ሞተሩን ማየት የፈለገውን ያህል ያየዋል፤ ተሳፋሪው ካልመጣ ግን ብረት አይቆርጥም። ሚስትህን የምታመላልስ ከሆነ ሚስትህን አምጣ። አባትህን ሐኪም ቤት የምትወስድ ከሆነ አባትህን አምጣ። ሞተረኞቹ ይስቁበት ነበር። «ሙሄ ጋ ለመደገፊያ ሽማግሌ መላክ ነው የሚሻለው» ይሉ ነበር። እየሳቁ ግን ያመጣሉ፤ ምክንያቱም የእሱን ብረት የተደገፈ ሰው ሌላ አይደገፍም።

በርሜል ላይ የታሰረ አሮጌ የሞተር ወንበር ነበረው። ተሳፋሪውን እዚያ ላይ ያስቀምጠዋል። ሜትር አያወጣም። ወሬ ይጀምራል። ስለ መንገዱ አቧራ፣ ስለ ጤፍ፣ ስለ ማን ልጅ ሠርግ። ሰውየው መልስ ይሰጣል፣ ይስቃል፣ ስለራሱ ያወራል። ሙሄ ከኋላው ዞር ዞር ይላል። በመሀል ድንገት ጠመኔውን ያሳርፋል።

«ሰው ሲለካ ይኮራል» ብሎ አስረድቶኛል። «እንደ ወታደር ቀጥ ይላል። ሞተር ላይ ግን እንደዚያ አይቀመጥም። ጀርባውን እስኪረሳው ማውራት ነው። ሲረሳው ያኔ ትለካለህ።»

ሴት ከሆነች ጠመኔውን የምትይዘው ባለቤቱ ዘይነባ ናት። እሱ ፊቱን ወደ ሞተሩ አዙሮ «የት ደረሰ?» ይላል። እሷ «ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት» ትላለች።

ቁመት ላይ ቀልድ አያውቅም ነበር። «አጭር መደገፊያ ጭራሽ ከሌለው ይብሳል» ይላል። «የሌለው ሰው ሹፌሩን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ያለው ሰው ግን አለኝ ብሎ እጁን ይለቃል። እጁን ከለቀቀ በኋላ ወገቡ ላይ ቢያልቅበት ወዴት ይሄዳል? ወደ ኋላ ነዋ!» ይህን ከአንድ መቶ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ። ሞተረኛ ሁሉ ሰምቶታል። ሊቀመንበሩም ሰምቶታል።

ብረቱ ሲያልቅ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ያደርጋል። ከስፖንጁ ስር በሚውለው ላሜራ ላይ፣ በብየዳው ጫፍ ነጠብ ነጠብ እያደረገ የሆነ ነገር ይጽፋል። መጀመሪያ ሳየው ደነገጥኩ።

«ጋሽ ሙሄ፣ ክታብ ነው እንዴ?»

«የሰው ስም ነው።»

«የባለ ሞተሩ?»

«የባለ ሞተሩ ስም ሊብሬው ላይ አለ። ይሄ የተሳፋሪው ነው። ለእሱ ነው የተሠራው።»

«ታዲያ ማን ያየዋል? እኔ ልሸፍነው አይደል?»

«አንተ ታየዋለህ። አንብበውና ሸፍነው።»

አላነበብኩትም። ማንበብ አልችልም ነበር። የአርባ ዓመት ሰውዬ ነኝ፣ ሱቅ አለኝ፣ ስሜን እንኳ አልጽፍም። ቀበሌ ስሄድ «መነጽሬን ረስቼ ነው፣ አንቺ ሙይልኝ» እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም። ይህን የሚያውቅ ሙሄ ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን ስሙ ተዘቅዝቆ ሳለ እንዳነበብኩ ሆኜ ስፖንጁን ስለጥፍበት አይቶ ነው የገባው። ለማንም አልተናገረም። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቀበሌው አዳራሽ የጎልማሶች ትምህርት አለ፤ ሂድ» አለኝ። እሺ አልኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄን እዘጋለሁ፣ ጠላ ቤት እሄዳለሁ። ከአራት ወር በኋላ «እህስ ታዴ፣ እንዴት ሆነ?» ሲለኝ «ኧረ አሁን ጋዜጣ ሁሉ አነባለሁ» አልኩት።

ሙሄ ለሰፈሩ ሱቅ ሁሉ ሻይ አዘዘ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። እኔም ጠጣሁ።

ከዚያ ግርማ መጣ። ግርማ ከኮዬ ፈጬ አቃቂ ሰው የሚያመላልስ ሞተረኛ ነው። መደገፊያ ፈለገ። ሙሄ የሚቀመጠውን ሰው አምጣ አለው። ግርማ የሚጭነው ያገኘውን ነው፤ ማንን ያመጣል? ይህን ቢናገር ሙሄ ረጅሙንና ወፍራሙን ፈልግና አምጣ ባለው ነበር፤ ከዚህ በፊት እንደዚያ አድርጎ ሠርቶ ያውቃል። ግርማ ግን አቋራጭ ይወዳል። ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ለጠያቂዎች ሳሙናና ብስኩት የምትሸጥ ጭብጥ የምታህል ሴት ይዞ መጣ። «እህቴ ናት። እሷን ነው የማመላልሰው» አለ። ዘይነባ ለካቻት። ሙሄ ሠራው፣ ስሟን ጻፈ፣ እኔ ሸፈንኩት። ሴትየዋን እኔ አላየኋትም፤ እነሱም ከዚያ በኋላ አላዩዋትም።

ሦስት ወር አልሞላም፤ ግርማ ጋሽ ጌታቸውን ጫነ። ጋሽ ጌታቸው ከክር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ግድንግድ ሰው ናቸው። ኋላቸውን ዳበስ አድርገው መደገፊያ መኖሩን አዩና እጃቸውን ከግርማ ወገብ ላይ አነሱ። ከኮዬ ፈጬ መውጫ ያለው ዳገት ላይ ሞተሩ ጉብታ ሲዘል፣ ብረቱ ከወገባቸው አላለፈም፤ ወደ ኋላ ተገለበጡ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ዛሬም በክራንች ነው የሚሄዱት።

ሙሄ የፈራው በትክክል ተፈጸመ። ወሬው ግን ሌላ ሆነ። «የሙሄ ብረት ሰው ጣለ» ተባለ። 

እሁድ ከሰዓት ማኅበሩ መጠለያ ስር ተሰበሰብን። ሠላሳ ሰው ይሆናል። ብረቱ ከነልብሱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። 

«ሰው የጣለው ይኸው ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

«ብረቱ ተሰብሯል?» አለ ሙሄ።

«አልተሰበረም።»

«ቡሎኑ ለቋል?»

«አለቀቀም።»

«ታዲያ ምን አጠፋ? ይሄ ለትንሽ ሴት የተለካ ነው። ግርማ እህቱን አምጥቶ አስለክቷል።»

ግርማ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «እህት? የምን እህት? እናቴ እኔን ብቻ ነው የወለደችው፤ አገር ያውቃል!»

«እውነቱን ነው፣ ብቸኛ ነው!» አለ አንዱ። ሰው ሳቀ።

«ያመጣሃት ሴት ነበረች፤ ዘይነባ ናት የለካቻት» አለ ሙሄ።

«ሁለታችሁም በሕልማችሁ ይሆናል ጋሽ ሙሄ።» እንደገና ተሳቀ።

የሙሄ ድምፅ መቀነስ ጀመረ። «ስሟን ረስቼዋለሁ፤ ስንቱን አስታውሳለሁ? ግን ከትራሱ ስር ተጽፏል። ቃሊቲ በር ላይ የሚሸጡት ብዙ ናቸው፤ ስሟ ከተገኘ ግን እሷም ትገኛለች። እኔ ባነበው አንተው ጽፈህ አንተው ታነባለህ ትሉኛላችሁ። ታዴ ነው የሰፋው፣ እሱ ይፍታው። ያንብብላችሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «ያነባል» አለ። ኮራ ብሎ ነው ያለው።

ብረቱን ሰጡኝ። ክሩን በምላጭ ፈታሁ፣ ስፖንጁን ገለጥኩ። እንደ ፀሐይ ግልጥ ብሎ ይታያል። ሦስት ፊደል ነው። የመጨረሻዋ ጎን ላይ ቀለበት አላት። አየሁት፣ አየሁት። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሞተረኛ «አንብባ ታዴ፣ መነጽርህን ረሳህ እንዴ?» አለ። እየቀለደ ነው። አሁን አልችልም ብል ከዛሬ ጀምሮ ቅጽል ስም ያወጡልኛል፣ ሱቄ በር ላይ ሆነው «ሀ ሁ» እያሉ ይስቁብኛል አልኩ በሆዴ።

«ዝጓል» አልኩ። «አይታይም።» ልብሱንም መልሼ ሸፈንኩት።

ሙሄ አየኝ። ቅንድብ የሌለው ዓይኑ ትንሽ ጠበበ። ጋዜጣውን፣ ቅዳሜዎቹን፣ ሻዩን፣ ሁሉንም በአንዴ ነው ያየው። «ውሸቱን ነው፣ ማንበብ አይችልም፣ ሌላ ሰው ይየው» ማለት ይችላል። ያቺን አንዲት ነገር ቢናገር ሥራውም ስሙም ይተርፉለታል።

«ዝጎ ይሆናል እንግዲህ» አለ። አጠገቡ ስለነበርኩ ነው የሰማሁት።

«ሰፊው ራሱ አይታይም ብሏል፤ ሌላ ማስረጃ የለም» አለ ሊቀመንበሩ። እጅ ወጣ። ሙሄ መደገፊያ እንዳይሠራ፣ ከእንግዲህ እሱ ጋ የሚያሠራም ሞተረኛ ከማኅበሩ እንዲወጣ ተባለ።

እኔ ወንጀለኛ ነኝ፤ አልክድም። ግን እስቲ ፍረዱ። የሦስት ወር ብረት ነው። ከስፖንጅና ከልብስ ስር ሆኖ ዝገት ከየት ይመጣበታል? ሠላሳውም ብረት የሚያውቅ ሰው ነው። ከሠላሳው አንዱ «እስቲ ወዲህ በለው፣ እኔ ልየው» አላለም! ሁሉም ወደ ቤቱ መሄድ ነው የፈለገው። የአንድን ሰው እንጀራ ዘግተው፣ አቧራቸውን አራግፈው ሄዱ። ብረቱን የሚፈልገው አልነበረም፤ እኔ ወሰድኩትና ከስፌት ማሽኔ ስር ወረወርኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሙሄ ሱቄ መጣ። ስድቡን ለመቀበል ተነሥቼ ቆምኩ። በብብቱ አንድ ሰፊ ላሜራ ይዟል። ማሽኑ ላይ አስቀመጠው። ከላይ እስከ ታች ፊደሉን በሙሉ በብየዳ ጽፎበታል።

«ጋዜጣውን ተወው» አለኝ። «ከዚህ ጀምር። ጣትህን አሳርፍበት።»

ይኸው ነው። ስለዚያ ቀን ሌላ አንድ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። በየጠዋቱ ሥራ ሳንጀምር ጣቴን ይዞ በብረቱ ላይ ይሄዳል። «ይሄ ምንድን ነው?» «በ።» «ወገቡን ስትሰብረው?» «ብ።» አንዳንዴ እኔ ተናድጄ ላሜራውን እገፈትረዋለሁ። «ቀስ፣ ላሜራው አይሸሽም» ይላል። ዛሬም ወረቀት ላይ ሳነብ ጣቴን ካላሳረፍኩ አይሆንልኝም።

በሰባተኛው ወር ከማሽኑ ስር ያንን ብረት አወጣሁት። ጣቴን አሳረፍኩ። ብ። ር። ቄ። ብርቄ!

ቃሊቲ ሄጄ በስሟ ጠየቅኩ። ከማረሚያ ቤቱ ፊት ለፊት ካሉት ኪዮስኮች በሦስተኛው አገኘኋት። «ግርማ የሚባል ሞተረኛ ታውቂያለሽ?» ስላት ገነፈለች። «ያ ውሸታም! እህቱ ነኝ በይ፣ ለአንድ ሳምንት በነጻ አመላልስሻለሁ አለኝ። ሁለት ቀን አመላለሰኝና ጠፋ!» ሰው መውደቁን አልሰማችም። የነገራት የለም።

እየሮጥኩ ነው የተመለስኩት። ሙሄ ለአንድ ኮንዶሚኒየም የመስኮት ብረት ይበይዳል፤ እንጀራው እሱና የከሰል ምድጃ ሆኖ ነበር።

«ጋሽ ሙሄ፣ አነበብኩት! ሴትየዋንም አግኝቻታለሁ! ስብሰባ እናስጠራ!»

የብየዳ መነጽሩን ገለጠ። መጀመሪያ ሳቀ፤ በማንበቤ ነው የሳቀው። ከዚያ «ተወው» አለ።

«እንዴት እተወዋለሁ? ስምህ አይደል?»

«አሁን ካነበብከው፣ ያኔ ለምን አላነበብከውም ይሉሃል። ምን ትላቸዋለህ?»

የመስኮቱን ብረት መነካካት ጀመርኩ።

«በቃ። እነሱ ያሉትን ይበሉ። ላሜራውን ይዘህ ና፣ ነገ ቃላት እንጀምራለን።»

አሁን የምጽፈው የሚያሳፍረኝን ነው። ደስ አለኝ። ተወው ሲለኝ ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደልኝ። ሁለት ጊዜ አልለመንኩትም። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከምናምን፣ በየቀኑ በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል ምድጃ ሲቀጠቅጥ እየሰማሁ ኖርኩ። በሱቃችን በር በኩል፣ ፕላስቲክ ላይ የታሰረ የሚያብረቀርቅ መደገፊያ የያዙ ሞተሮች ያልፋሉ። ሙሄ ቀና ብሎ የተሳፋሪውን ጀርባ ያያል፤ ራሱን ይነቀንቅና ወደ ምድጃው ይመለሳል። ደረቱን አመመው። ተኛ። አልተነሣም።

እና አሁን ሊቀመንበሩ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ «ታላቅ ሰው ነበሩ» ይለኛል!

ተነሥቼ ወጣሁ። ሱቄ ሄጄ ብረቱን ከማሽኑ ስር አወጣሁና ተመለስኩ። ሊቀመንበሩ አሁንም ያወራል።

«ይቅርታ» አልኩ። «የማነበው አለኝ።»

የሐዘን መግለጫ መስሏቸው ጸጥ አሉ። ብረቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጣቴን አሳረፍኩ። «ብርቄ» አልኩ። ማን እንደሆነች ተናገርኩ፣ ግርማ እንዴት እንዳመጣት ተናገርኩ፣ የት እንዳለች ተናገርኩ። ግርማ ጥግ ላይ ነበር፤ ስልኩን አውጥቶ ማየት ጀመረ። ጋሽ ጌታቸው ክራንቻቸውን ተደግፈው «ወዲህ በለው» አሉ። ብረቱን ወሰዱ። ጣታቸውን በስሟ ላይ አስኬዱ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሙሄን ስረግም ኖርኩ» አሉ። «ዛሬም የመጣሁት ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው።»

በሴቶቹ በኩል መጋረጃው ገለጥ ብሏል። ዘይነባ ቆማ ትሰማለች።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። «ቆይ እንጂ ታዴ፣ ዝጓል ያልከው አንተ አይደለህም? ያኔ ለምን አላነበብከውም?»

ሙሄ እንዳለው፣ ቃል በቃል።

«ማንበብ አልችልም ነበር» አልኩ።

ሳቁን ጠበቅኩ። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አዩኝና «አሁን ቻልክ አይደል? አልሐምዱሊላህ» ብለው እንድቀመጥ ጠጋ አሉልኝ። ሌላው ከኋላ ሻይ አቀበለኝ። 

አንድም ሰው አልሳቀም። የሙሄን ሥራና የሙሄን ስም የሰጠሁት ያንን ሳቅ ፈርቼ ነው። ያኔም ብናገር ኖሮ ምናልባት ማንም አይስቅም ነበር። ሻዩን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ መጠጣት አልቻልኩም።